የጀመርነውን ቃል ማን ይጨርሰው?

በሥራዬ ምክንያት ከምጎበኛቸው የነቬ ኢታማር ቤተሰቦች መካከል አንዲት እናት ከልጃቸው ኮምፒዩተር አጠገብ ቆመው፣ «እስቲ ንገሪኝ እህቴ፤ እርሱ ሁለት ሦስት ፊደል ይነካል፤ የቀረውን ኮምፒዩተሩ ይጨርስለታል። ታዲያ ልጁ ምን ተማረ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው የብዙ ወላጆች ስለሆነ ነገሩ ከየት እንደመጣ ባጭሩ ላስረዳ።

ልጁ የሚጽፍበት የፕሮግራም ቋንቋ ፓይተን ይባላል። ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሱም በ1989 መጨረሻ ጀምሮ በ1991 ለሕዝብ አወጣው። በፓይተን አንድ ስም ስንሰይም በውስጡ ያለው ቁጥር ይሁን ቃል ማስታወቅ ግዴታ አይደለም። ይህ ለጀማሪ ይቀላል፤ ጥቆማ ለሚሰጠው የመጻፊያ ፕሮግራም ግን ያስቸግራል። ቁጥር ለሁለት ይካፈላል፤ ቃል አይካፈልም። ዓይነቱን ሳያውቅ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ እንዴት ይጠቁም?

መፍትሔው ከአነጋገሩ መረዳት ነው። እኛም «መጣች» ሲባል፣ ማን እንደሆነች ሳይነገረን ሴት መሆኗን እናውቃለን። እንግሊዛዊው ሊቅ ሮቢን ሚልነር በ1978 ባወጣው ጽሑፍ ኮምፒዩተርም እንዲሁ ከአጠቃቀሙ ዓይነቱን የሚደርስበትን ዘዴ አሳየ። በ1996 ማይክሮሶፍት ለፕሮግራም ጸሐፊዎች፣ እየጻፉ ሳሉ የሚመርጡበትን የቃል ዝርዝር አቀረበ። በ2015 የወጣው ፓይተን 3.5 ደግሞ፣ የፈለገ ሰው ዓይነቱን ከስሙ አጠገብ እንዲጽፍ መደበኛ መንገድ አበጀ፤ ጥቆማውም ይበልጥ የሚታመን ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ መንገድ መጣ። እዚሁ እስራኤል፣ በቴል አቪቭ የነበረው ኮዶታ በ2019 ታብናይን የተባለውን ፕሮግራም ገዝቶ ኋላ በስሙ ተጠራ። ይህ ዓይነቱ ፕሮግራም ሌሎች ሰዎች ከጻፉት እጅግ ብዙ ጽሑፍ ልማዱን ተምሮ የሚቀጥለውን ይገምታል። ግምት ግን ይሳሳታል።

እኔም አዲስ ገቢ ሳለሁ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ዕብራይስጡ ሲያጥረኝ ጸሐፊዋ ዐረፍተ ነገሬን ጨረሰችልኝ። አፍሬ «ኬን» አልኩ። የፈረምኩት ያልፈለግሁትን ነበር፤ ለማስተካከል ወራት ፈጀብኝ።

ስለዚህ ለእኚያ እናት ያልኳቸው ይህን ነው፦ ኮምፒዩተሩ ይጠቁም፤ ክፋት የለውም። እርስዎ ግን አጠገቡ ተቀምጠው «ከዚህ ሁሉ ይህን ለምን መረጥክ?» ብለው ይጠይቁት። ለዚህ ፓይተን ማወቅ አያስፈልግዎትም። በአማርኛም ሆነ በዕብራይስጥ ምክንያቱን ካስረዳዎት ተምሯል። ዝም ካለ ግን፣ የቤት ሥራውን የሠራው ኮምፒዩተሩ ነው።