ምሰሶ ላይ ከመውጣት በፊት፦ ሥልጠና፣ ምክርና ማበረታቻ በኃይል ተቋማት

ለዛሬ ጽሑፌ መነሻ የሆነኝ በአንድ የክረምት ማለዳ ደባርቅ ላይ ያየሁት ነው። ሌሊቱን ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ መስመር በጥሶ ሰፈሩ ጨለማ ውስጥ አድሯል። አንድ ወጣት ቴክኒሽያን ቀበቶውን አጥብቆ ምሰሶ ላይ ሊወጣ ሲል ጎልማሳው ባልደረባው ትከሻውን ያዝ አደረገና፣ «ኃይል አለመኖሩን በምን አወቅህ?» ሲል ጠየቀው። «ጠፍቷል ተብሏል።» «ተብሏል አይበቃም፤ ለካው።» ወጣቱ ለካ፤ መስመሩን ከመሬት ጋር አገናኘ፤ ከዚያም ወጣ።

ኃይሉን ማቋረጥ፣ ሌላ ሰው መልሶ እንዳይለቀው መቆለፍ፣ በመሣሪያ መለካት፣ ከመሬት ጋር ማገናኘት፤ ይህን ቅደም ተከተል በክፍል ውስጥ ማስተማር ሥልጠና ነው። ሥራው ላይ ቆሞ በጥያቄ ማስታወስ ደግሞ ኮቺንግ የሚባለው ነው። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው ከምስክር ወረቀቱ ጋር መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ደባርቅም ሆነ በዳባት፣ ዕውቀቱ እዚያው በሠራተኛው እጅ መገኘት አለበት።

ይህ የአሠሪው በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92፣ አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋና ስለ ጥንቃቄው እንዲያሳውቅ፣ የመከላከያ መሣሪያም እንዲያቀርብ ያስገድዳል። አንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው መሣሪያውን በአግባቡ እንዲጠቀም ግዴታ ይጥልበታል።

ማበረታቻስ? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጥናት፣ የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጉድለት ሠራተኛን እንደሚያስከፋ፣ ለሥራ የሚያነሳሳው ግን ውጤት፣ ዕውቅና፣ ኃላፊነትና ዕድገት መሆኑን አመልክቷል። ይህ ግን ደመወዝን ለመንፈግ ሰበብ ሊሆን አይገባም። ሽልማቱም በጥንቃቄ ይታሰብ፦ መብራት ቶሎ የመለሰ ብቻ የሚሸለም ከሆነ ሠራተኛው መለካቱን መዝለል ይጀምራል።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መስመሩ ወደ ገጠር ከተሞች በስፋት ተዘረጋ። በ2006 ዓ.ም. ነባሩ ኮርፖሬሽን ለሁለት ተከፍሎ ማመንጨቱና ማስተላለፉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈሉና ሽያጩ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጠ። መዋቅር በደንብ ይቀየራል፤ «ለካው» የሚል ባልደረባ ግን በደንብ አይፈጠርም። እንዲህ ያለውን ሰው ፈልጎ፣ ጊዜና ዕውቅና ሰጥቶ አስተማሪ ማድረግ የአመራሩ ሥራ ነው።