አንድ ሰው አንድ ድምፅ፤ የህንድ አገር ታሪክ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ህንድ አገር ነው። ህንድ ሩቅ ናት። ሆኖም ቅመሟን፣ ጨርቋንና ሲኒማዋን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ከመካከላችን በህንድ አስተማሪ የተማረም አይጠፋም። ዛሬ የምናነሣው ግን የህንድ ሕዝብ ድምፅ መስጠትን እንዴት እንደ ጀመረ ነው። ሕጉ «ሁሉም እኩል ይመርጣል» አለ። ሕዝቡ ደግሞ በሃይማኖት፣ በትውልድና በጾታ ተለያይቶ ይኖር ነበር። ታዲያ ሁለቱ ሲገናኙ ምን ሆነ?

በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ለማግኘት 7 ወይም 8 ቀንሱ።

በመጀመሪያ ስለ ትውልድ ደረጃ እንናገር። ህንዶች በትውልድ ደረጃ የተከፋፈሉ ናቸው፤ ይህን ክፍፍል ካስት እንለዋለን። ሰው ካስቱን አይመርጥም፤ ከአባት ከእናቱ ይወርሰዋል። ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ማንን እንደሚያገባ፣ ምን ሥራ እንደሚይዝ ካስቱ ይወስንለት ነበር። ከሁሉም በታች «የማይነኩ» የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። የሞተ ከብት መጎተት፣ ቆዳ ማልፋት፣ ሽንት ቤት መጥረግ ለእነሱ የተተወ ሥራ ነው። ጥላቸው እንኳ ያረክሳል የተባለበት ቦታ ነበረ። እኛም አገር ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያለ ከማዕድ ያራቀ፣ «ልጄን ለእነሱ አልድርም» ያለ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ለጆሯችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ዛሬ በህንድ እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን ዳሊት ብለው ይጠራሉ። የተደቆሱ ማለት ነው።

በ1891 ከነዚህ «የማይነኩ» ከሚባሉት ወገን አንድ ልጅ ተወለደ። ስሙ ቢምራኦ አምበድካር ይባላል። አባቱ በእንግሊዞች ጦር ውስጥ ወታደር ስለ ነበሩ ልጁ ትምህርት ቤት ለመግባት ቻለ። ገባ እንጂ ከሌሎቹ ልጆች ጋር አልተቀመጠም። ከቤቱ ይዞት በሚሄደው ጆንያ ላይ ለብቻው ይቀመጥ ነበር። ውሃ ሲጠማው ቧንቧውን መንካት አይፈቀድለትም፤ የትምህርት ቤቱ ተላላኪ መጥቶ ይከፍትለታል። ተላላኪው በሌለበት ቀን ውሃ የለም።

ይህ ልጅ አድጎ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ተማረ፤ ዶክተርም ጠበቃም ሆነ። ከዚህ በኋላ እንግዲህ «እሳቸው» እንበላቸው። ዶክተር አምበድካር ወደ አገራቸው ሲመለሱም ያው «የማይነኩ» ነበሩ። ትምህርታቸው ካስታቸውን አላጠበላቸውም።

ማሃድ በምትባል ከተማ አንድ ትልቅ የውሃ ኩሬ ነበር። የከተማው ምክር ቤት «ኩሬው ለሁሉም ሰው ክፍት ነው» ብሎ ወስኖ ነበር። ውሳኔው ግን በወረቀት ላይ ቀረ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይቀዳል፤ ከብቱም ይጠጣል፤ «የማይነኩ» የሚባሉት ግን አይጠጉም። መጋቢት 20 ቀን 1927 አምበድካር በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን አስከትለው ወደ ኩሬው ወረዱና በእጃቸው ቀድተው ጠጡ። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ መሰላችሁ? የበላዮቹ ካስቶች ሕዝቡን በዱላ ደበደቡት። ኩሬው ረክሷል ብለውም ወተት፣ እርጎ፣ የላም እበትና የላም ሽንት ጨምረው «አነጹት»። ልብ በሉ፤ እበት ያነጻዋል፣ የሰው እጅ ግን ያረክሰዋል።

አምበድካር ከዚህ የተረዱት አንድ ነገር አለ። ውሳኔ የሚጻፍበት ወንበር ላይ የራሳችን ሰው ካልተቀመጠ ኩሬው አይከፈትም አሉ። ስለዚህ ጥያቄያቸው ወደ ምርጫ ዞረ።

ያን ጊዜ ህንድን የሚገዛት እንግሊዝ ነበር። በ1909 እንግሊዞች ለሙስሊሞች የተለየ ምርጫ ፈቅደው ነበር። ሙስሊሙ የራሱን ተወካይ ለብቻው ይመርጣል ማለት ነው። በ1932 ደግሞ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ራምሴ ማክዶናልድ «የማይነኩ» ለሚባሉትም እንዲሁ ፈቀዱ። አምበድካር ደስ አላቸው። ማኅትማ ጋንዲ ግን አጥብቀው ተቃወሙ። ጋንዲ የካስትን ንቀት የሚጠሉ ሰው ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ይህ የተለየ ምርጫ የሂንዱን ሃይማኖት ተከታዮች ለዘለዓለም ይከፍላል ብለው አመኑ። በዚያን ጊዜ ፑና ከተማ አጠገብ እስር ቤት ውስጥ ነበሩ። መስከረም 20 ቀን እስከ ሞት ድረስ እንደማይበሉ ተናግረው ጾም ጀመሩ።

እስቲ አምበድካር የገቡበትን ጭንቅ አስቡት። አገር ሁሉ የሚወዳቸው ሽማግሌ ሊሞቱ ነው። ቢሞቱ ጥፋቱ በማን ላይ ይደፋል? በየመንደሩ ያለ መከታ የሚኖረው ድሃ «ጋንዲን ያስገደላችሁ እናንተ ናችሁ» ሊባል አይደል? በአምስተኛው ቀን አምበድካር ፈረሙ። የፑና ስምምነት ይባላል።

በስምምነቱ «የማይነኩ» የሚባሉት በየክፍለ ሀገሩ ምክር ቤቶች የሚያገኙት ወንበር ከ71 ወደ 148 ከፍ አለ። ብዙ ይመስላል። ግን አንድ ነገር ተለወጠ። በወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ከእነሱ ወገን ይሆናል፤ የሚመርጡት ግን የበላዮቹ ካስቶችም ጭምር ናቸው።

ይህን በቁጥር እንየው። አንድ የምርጫ ቦታ 100 መራጮች አሉት እንበል። ከ100ው 15ቱ ዳሊት ናቸው። 85ቱ ሌሎች ናቸው። ሁለት ዳሊቶች ቢወዳደሩ፣ አንዱ የወገኑን በደል የሚናገር ደፋር፣ ሁለተኛው ዝም የሚል ቢሆን፣ የ85ቱ ድምፅ ወደ ማን የሚሄድ ይመስላችኋል? አምበድካርን እስከ ዕለተ ሞታቸው ያናደዳቸው ይህ ስሌት ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ሰዎች እውነት ይዘው ነበር። የተለየ ምርጫ አገር እንደሚከፍል ጋንዲ አልተሳሳቱም። የጋራ ምርጫ ደግሞ የደካማውን አፍ እንደሚዘጋ አምበድካር አልተሳሳቱም።

በ1947 ህንድ ነፃ ወጣች። በዚያው ዓመት በሃይማኖት ምክንያት ለሁለት ተከፈለች፤ ፓኪስታን የሙስሊሞች አገር ሆና ተነጠለች። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው በየመንገዱና በየባቡሩ ታረደ። አዲሱን ሕገ መንግሥት የጻፉት ሰዎች ይህን ደም ካዩ በኋላ በሃይማኖት የተለየ የመራጮች መዝገብ እንዳይኖር ወሰኑ። የጽሑፉን ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት የመሩት እነዚያው አምበድካር ናቸው። በጆንያ ላይ የተቀመጠው ልጅ ማለት ነው። በ17ኛው አንቀጽ «አይነኬነት» ቀረ፤ ያን የፈጸመም በሕግ እንዲቀጣ ተጻፈ። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ድሃም ሀብታምም፣ መራጭ ሆነ። ለዳሊቶች የተወሰኑ ወንበሮች በምክር ቤት ተጠበቁላቸው፤ ምርጫው ግን እንደ ፑናው የጋራ ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ምርጫ እንምጣ። ምርጫው ከጥቅምት 1951 እስከ የካቲት 1952 ወራት ፈጀ። መራጩ ከ170 ሚሊዮን በላይ ነው። በዚያን ጊዜ በህንድ ከ100 ሰው ማንበብ የሚችለው 18 ያህል ብቻ ነበር። ታዲያ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንዴት ይመርጣል? ለእያንዳንዱ ፓርቲ ሥዕል ተሰጠው። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የኔህሩ ፓርቲ ሥዕል በቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች ነበር። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ የብቻው ሣጥን ቀረበለትና ሥዕሉ ተለጠፈበት። ገበሬው የወደደውን ሥዕል አይቶ ወረቀቱን ይከታል። ሁለት ጊዜ እንዳይመርጥ ጣቱ ላይ የማይለቅ ቀለም ይቀባል።

የፊደሉ ችግር በዚህ ተቃለለ። ሌላ ማንም ያላሰበው ችግር ግን መጣ። የስም ችግር።

መዝጋቢዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ ብዙ ሴቶች ስማቸውን አንናገርም አሉ። በልማዳቸው ሴት ስሟን ለእንግዳ ወንድ አትናገርም። «ስምሽ ማነው?» ስትባል «የእገሌ ሚስት ነኝ»፣ «የእገሌ እናት ነኝ» ትላለች። መዝጋቢውም እንደዚያው ይጽፋል። በአገራችንም በአንዳንድ አካባቢ ምራት የአማቶቿን ስም አትጠራም፤ የህንዷ ሴት የማትጠራው ግን የራሷን ነው።

የምርጫው ኃላፊ ሱኩማር ሴን የሚባሉ ሰው ነበሩ። «የእገሌ ሚስት» ስም አይደለም አሉ። አንድ ድምፅ ለአንድ ሰው የተሰጠ ነው፤ ሰው ደግሞ ስም አለው። መዝጋቢዎቹ ተመልሰው እንዲጠይቁ አዘዙ፤ ለአንዱ ክፍለ ሀገር አንድ ወር ጨመሩ። በስተመጨረሻ ስም ያልተገኘላቸው ሴቶች ከመዝገቡ ተሰረዙ። ስንት ናቸው? 2 ሚሊዮን 800 ሺህ ያህል። ከአገሪቱ 80 ሚሊዮን ያህል ሴት መራጮች ውስጥ ማለት ነው።

ውሳኔው ጨካኝ ነው ብል አላፍርም። ልማዱን ያወጣችው ሴቲቱ አይደለችም፤ ቅጣቱ ግን በእሷ ላይ ወደቀ። ሆኖም የሱኩማር ሴንም ሐሳብ ተራ አልነበረም። «የእገሌ ሚስት» ተብላ ብትመርጥ፣ ነገ ባሏ ሌላ ሴት ይዞ ቢመጣ ማን ናት ትባላለች? ነገሩ መነጋገሪያ ከሆነ ለሚቀጥለው ምርጫ ልማዱ ይለሳለሳል ብለው ተስፋ አደረጉ። በ1962 ከ100 ሴቶች ወደ ምርጫ የወጡት 47 ያህል ናቸው፤ ወንዶቹ 63። በ2019 የሴቶቹ ቁጥር በጥቂቱም ቢሆን ከወንዶቹ በለጠ። መንገዱ ከ65 ዓመት በላይ ፈጀ።

አምበድካርስ? በዚያው በመጀመሪያው ምርጫ ቦምቤይ ላይ ተወዳድረው ተሸነፉ። አሸናፊው የኔህሩ ፓርቲ ያቀረበው፣ ራሱም «ከማይነኩ» ወገን የሆነ ሰው ነበር። የ85ቱንና የ15ቱን ስሌት አስታውሱ።

ከምርጫው በፊት በ1951 ከሚኒስትርነታቸውም ወርደው ነበር። ከሥራ ያስለቀቃቸው ዋናው ጉዳይ የሴቶች ሕግ ነው። የሂንዱ ሴት ልጅ ከአባቷ እንድትወርስ፣ ሚስትም ፍቺ መጠየቅ እንድትችል ሕግ አርቅቀው አቀረቡ። የሃይማኖት ሰዎች ጮኹ፤ ምርጫ ደርሶ ስለ ነበር የምክር ቤት አባሎችም ድምፃችንን እናጣለን ብለው ፈሩ። ሕጉ ተከፋፍሎ የወጣው በ1955 እና በ1956 ነው። ለሙስሊም ሴቶች ግን ያ ሕግ አልደረሰም። በ1985 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሻህ ባኖ ለምትባል የተፈታች ሙስሊም ሴት ባልየው ቀለብ እንዲቆርጥ ፈረደ። የሃይማኖት መሪዎች ተቆጡ። መንግሥትም የሙስሊሙን ድምፅ እንዳያጣ ሰግቶ በ1986 ፍርዱን የሚያጠብ ሕግ አወጣ። የሴቲቱ ቀለብ የምርጫ ሒሳብ ሆነ።

አምበድካር በ1956 የሂንዱን ሃይማኖት ትተው በመቶ ሺህ ከሚቆጠሩ ወገኖቻቸው ጋር ቡድሂስት ሆኑ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ዐረፉ። እዚህ ላይ ሃይማኖትና ካስት እንዴት እንደ ተቆላለፉ እዩ። ለዳሊት የተጠበቀው ወንበር የተሰጠው በ1950 በወጣ ትእዛዝ ለሂንዱ ብቻ ነበር። ለሲኮች በ1956፣ ለቡድሂስቶች በ1990 ተፈቀደ። ክርስቲያን ወይም ሙስሊም የሆነው ዳሊት ግን ከዝርዝሩ ውጭ ነው የቀረው። ጎረቤቱ ንቀቱን አልተወለትም፤ ወንበሩ ግን ተወሰደበት።

ይህ ሁሉ ሲባል ምርጫው ምንም አልለወጠም ማለት አይደለም። በ1995 ማያዋቲ የምትባል የዳሊት ሴት የህንድ ብዙ ሕዝብ ያለበትን ክፍለ ሀገር፣ ኡታር ፕራዴሽን፣ ልታስተዳድር ተመረጠች። ከ1993 ጀምሮ ደግሞ በየመንደሩ ምክር ቤት ከሦስት ወንበር ቢያንስ አንዱ ለሴት እንዲሆን ሕግ ያዛል፤ የሊቀ መንበርነቱም እንዲሁ ነው። በብዙ ቦታ ሴቲቱ ተመረጠችና ባሏ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፈራሚዋ እሷ፣ ተናጋሪው እሱ። ህንዶች ለእንዲህ ያለው ባል መጠሪያ እስከ ማውጣት ደርሰዋል፤ «የሊቀ መንበሯ ባል» ይሉታል።

ሁሉም ዘንድ ግን እንዲያ አልሆነም። በ2004 የታተመ አንድ ጥናት በምዕራብ ቤንጋልና በራጃስታን መንደሮችን አወዳድሮ ነበር። ወንበሩ ለሴት በተጠበቀበት ቦታ የምክር ቤቱ ገንዘብ ከሌላው ይልቅ ወደ መጠጥ ውሃ ሥራ ሄዶ ተገኘ። ውሃ ቀጂዋ ሴት ናትና።

በዋናው የአገሪቱ ምክር ቤት ነገሩ ዘግይቷል። በ2024 በተደረገው ምርጫ ከ543 ወንበሮች ሴቶች ያገኙት 74 ነው። ከሦስት አንዱ ለሴቶች ይሁን የሚለው ሕግ በ2023 ወጥቷል፤ ሥራ ላይ የሚውለው ግን የሕዝብ ቆጠራ ተደርጎ የምርጫ ክልሎች እንደገና ከተከለሉ በኋላ እንደሆነ እዚያው ተጽፎበታል።

ለዛሬ በዚህ እናቆማለን።