የተሸጠ መጽሐፍ እርማት

መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት ወጥቶ ከአንባቢ እጅ ከገባ በኋላ ደራሲም ሆነ አሳታሚ በቃሉ ላይ ሥልጣን እንደማይኖረው ለብዙ ዘመን የታወቀ ነገር ነበር። በብራና ዘመን ቁም ጸሐፊው የሳተውን ፊደል ፍቆ የሚያርመው ብራናው በእጁ ሳለ ነው። የኅትመት መሣሪያ ከመጣ ወዲህ ደግሞ አንዱ ስሕተት በብዙ ቅጂ ስለሚባዛ እርማቱ ይበልጥ ከበደ። እ.ኤ.አ. በ1631 በለንደን የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ለዚህ ምስክር ነው። ዝሙትን ከሚከለክለው ትእዛዝ የአሉታዋ ቃል በመውደቋ ትእዛዙ ተገለበጠ፤ አታሚዎቹ ባርከርና ሉካስ 300 ፓውንድ እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው፤ ቅጂዎቹም እንዲሰበሰቡ ታዘዘ። ይሁንና ጥቂቶቹ አምልጠው እስከ ዛሬ ይገኛሉ።

የአሳታሚዎች የተለመደ ዘዴ በመጽሐፉ ላይ የእርማት ገጽ መጨመር ነበር። የታረመውን አዲስ እትም የሚሻ አንባቢ ግን ዋጋውን እንደገና ይከፍላል።

ይህን ልማድ የለወጠው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ነው። የአሜሪካው አማዞን በ2007 ኪንድል የተባለውን ማንበቢያ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፣ የተሸጠው መጽሐፍ ከሻጩ ጋር ያለው ግንኙነት ሳይቋረጥ ይኖራል። በ2011 የኒል እስቲቨንሰን «ሪምዲ» የተባለ ልብ ወለድ ጉድለት ይዞ በወጣ ጊዜ፣ ገዢዎቹ የታረመውን ቅጂ ያለ አዲስ ክፍያ ለማግኘት ቻሉ። ይህም ለአንባቢ ትልቅ ጥቅም ነው።

ሆኖም ለማረም የተከፈተው በር ለመንጠቅም ያገለግላል። በ2009 የኅትመት መብት በሌለው ድርጅት የቀረቡ የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍት፣ «1984» ጭምር፣ ከገዢዎች መሣሪያ ላይ በድንገት ተሰረዙ። ገንዘቡ ቢመለስም፣ አንድ ተማሪ ለጥናቱ የያዘው ማስታወሻ ከነምንባቡ መለያየቱን በመግለጽ ክስ መሠረተ፤ የኩባንያው መሪም በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። በ2023 ደግሞ አሳታሚው ፓፊን የሮአልድ ዳልን የልጆች መጻሕፍት ቃላት በብዙ ቦታ ሲለውጥ፣ ቀደም ብለው የኤሌክትሮኒክ ቅጂ የገዙ አንባቢዎች መጽሐፋቸው ሳይጠየቁ መለወጡን ተናገሩ። ደራሲው ከሞተ በዚያን ጊዜ 32 ዓመት ሆኖት ነበር።

የፊደል ግድፈት ሲታረም የሚከፋ አንባቢ የለም። ነገር ግን በማረምና በመለወጥ መካከል ያለው ድንበር ጠባብ ነው። በኪንድል ገዢው እድሳት በራሱ እንዲገባ ወይም እንዳይገባ የሚመርጥበት አሠራር አለ፤ ምርጫው ብቻውን ግን አይበቃም። የቀድሞው ቅጂ ከጠፋ የነገ ተመራማሪ የሚያመሳክረው አያገኝም። ስለዚህ እርማት ሲላክ ምን እንደ ተለወጠ ሊገለጽ፣ የባለቤቱ ፈቃድ ሊጠየቅ፣ የቀደመውም ምንባብ ከአዲሱ ጎን ሊጠበቅ ይገባል።