የስቴሪዮ ድምፅ አመጣጥና የአድማጩ ክፍል

በ1881 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ከተማ በተከፈተው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን ላይ ጎብኚዎች ተራ እየጠበቁ በሁለት ጆሯቸው ሁለት የስልክ ማዳመጫ ይይዙ ነበር። ክሌማን አዴር የተባለው መሐንዲስ በኦፔራ ቤቱ መድረክ ፊት የስልክ ድምፅ ተቀባዮችን ደርድሮ፣ ከአንዱ ወገን የተቀበለውን ለአንደኛው ጆሮ፣ ከሌላው ወገን የተቀበለውን ለሁለተኛው አስተላለፈ። አድማጩም ዘፋኙን ሳያይ በመድረኩ ላይ ወዴት እንደተጓዘ ለመለየት ቻለ።

መድረኩ የተሠራው በሽቦው ውስጥ ሳይሆን በአድማጩ አእምሮ ውስጥ ነው። ከቀኝ የሚመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሮን ከግራው ቀድሞ ይደርሰዋል፤ ልዩነቱ ቢበዛ ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ያነሰ ነው። በተለይ ቀጭኑን ድምፅ ራሱ ጭንቅላታችን ስለሚጋርደው ግራው ጆሮ አሳንሶ ይሰማዋል።

ይህን ዕውቀት ወደ ሸክላ ያሸጋገረው እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን ነው። በሲኒማ ቤት ተዋናዩ ከሸራው ዳር ወደ ዳር ሲሻገር ድምፁ ካለበት አለመነቃነቁ እንዳላረካው ይነገራል። ታኅሣሥ 14 ቀን 1931 እ.ኤ.አ. የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻውን አቀረበ። በማዳመጫ ሲሰማ እያንዳንዱ ጆሮ የየራሱን ድምፅ ብቻ ይቀበላል፤ በድምፅ ማጉያ ሲሰማ ግን ሁለቱም ጆሮዎች ሁለቱንም ማጉያዎች ይሰማሉ። ብሉምላይን ይህንኑ እንቅፋት መሣሪያ አደረገው። በማጉያዎቹ መካከል ያለው የጉልበት ልዩነት ብቻ፣ ድምፆቹ በጆሮ ላይ ሲቀላቀሉ፣ በወፍራሙ ድምፅ ረገድ ወደ ጊዜ ልዩነት እንደሚለወጥ አሳየ። በጥር 1934 እ.ኤ.አ. በለንደኑ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ቶማስ ቢቻም የሞዛርትን የጁፒተር ሲምፎኒ ሲያለማምድ በዚሁ ዘዴ ተቀዳ።

ኩባንያው ግን ፈጠራውን ለገበያ ሳያቀርብ አቆየው። ሥራው የተመዘነው በጥበብ ሚዛን አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ብሉምላይን በሰኔ 1942 እ.ኤ.አ. ራዳር በሚሞከርበት አውሮፕላን ተከስክሶ በ38 ዓመቱ ሞተ። የስቴሪዮ ሸክላ በሰፊው ለሕዝብ የቀረበው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው።

ስቱዲዮው የደከመበትን መድረክ ቤት ውስጥ ማፍረስ ቀላል ነው። ሁለቱን ማጉያዎች በአንድ ቁም ሣጥን ላይ አጠጋግቶ የሚያስቀምጥ ሰው ለሁለት ከፍሎ አንድ ያዳምጣል። የሚበጀው ማጉያዎቹና አድማጩ ሦስት እኩል ጎኖች እንዲሠሩ ማድረግ ነው። ድምፅ በአንድ ሺኛ ሰከንድ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ለአንደኛው ማጉያ ይህን ያህል የቀረበ ሰው ኦርኬስትራውን ሁሉ ወደዚያው ተሰብስቦ ያገኘዋል፤ ቀድሞ የደረሰው ድምፅ አቅጣጫውን ይወስናልና። ከቅርብ ግድግዳ ነጥሮ የሚመለስ ድምፅም ሥዕሉን ያደበዝዛል፤ ወፍራም መጋረጃ በእጅጉ ይረዳል። መሐል መቆም የነበረበት ዘፋኝ ሥፍራ አጥቶ ከተበተነ ደግሞ፣ አዲስ መሣሪያ ከመግዛት በፊት የአንዱን ማጉያ ሁለት ሽቦዎች አቀያይሮ መሞከር ይገባል።