ሱቃችሁ ጉግል ማፕ ላይ እንዲታይ ምን ማድረግ አለባችሁ?

አንድ ሰው ቦሌ መድኃኔዓለም ጋ ቆሞ ስልኩ ላይ «ፀጉር ቤት» ብሎ ሲፈልግ፣ 50 ሜትር ላይ ያለው የእናንተ ቤት ላይታየው ይችላል። አብዛኛው ሰው በመንገድ ስም ሳይሆን በምልክት በሚጠቋቆምበት ከተማ፣ አካባቢውን ለማያውቅ ደንበኛ ማፕ ላይ የሌለ ሱቅ እንደሌለ ነው።

«ክፈሉንና አንደኛ እናወጣችኋለን» የሚሉ ካጋጠሟችሁ ተጠንቀቁ። የሚከፈልበት ማስታወቂያ አለ፤ እሱ ግን ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፎበት ነው የሚወጣው። በመደበኛው ፍለጋ የተሻለ ቦታ በብር እንደማይገዛ ጉግል ራሱ ይናገራል። የሚታዩት 3 ነገሮች ናቸው፦ ሥራችሁ ከተፈለገው ነገር ጋር መግጠሙ፣ ርቀት እና ታዋቂነት። ርቀቱን መቀየር አትችሉም። በሁለቱ ላይ ግን ብዙ መሥራት ይቻላል፤ ያውም በነጻ።

📌 1. ባለቤትነት፦ መጀመሪያ ሱቃችሁን ማፑ ላይ ፈልጉት። ሌላ ሰው መዝግቦት ከሆነ አዲስ ከመክፈት ያንኑ የእናንተ መሆኑን አሳውቁ። ከሌለ ጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ክፈቱ። ኢሜይሉ የባለቤቱ ይሁን። በሠራተኛ ኢሜይል ከተከፈተ፣ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ፕሮፋይሉም አብሮት ሊሄድ ይችላል። ለማረጋገጫ ቪዲዮ ከተጠየቃችሁ መንገዱን፣ ታፔላውንና የሱቁን ውስጥ ቅረጹ።

📌 2. ስም፦ ታፔላው ላይ ያለውን ብቻ ጻፉ። ከስሙ ጋር «ምርጥ፣ ርካሽ፣ ቦሌ» እያሉ መደርደር ሕጉን ይጥሳል፤ ፕሮፋይሉንም ሊያሳግድ ይችላል።

📌 3. የሥራ ዓይነት፦ ጠበብ አድርጋችሁ ምረጡ። ስልክ የምትጠግኑ ከሆነ «ሱቅ» ሳይሆን «የሞባይል ጥገና» በሉ።

📌 4. ፒን፦ በትክክል በራችሁ ላይ አድርጉት። ሕንፃ ውስጥ ከሆናችሁ ፎቁንና የሱቁን ቁጥር ጨምሩ።

📌 5. ሰዓት፦ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ሊሳሳት ይችላል። ማፑ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት የምትከፍቱ ከሆነ 8:00 ኤኤም ብላችሁ ሙሉ። 2:00 ኤኤም ካላችሁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ክፍት ናችሁ ማለት ነው! ለበዓል ስትዘጉም አስተካክሉት፤ መጥቶ ዝግ በር ያገኘ ደንበኛ ላይመለስ ይችላል።

📌 6. ፎቶና ሪቪው፦ በሩ ከመንገድ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳይ ፎቶ ጫኑ። ደስ ብሎት የሚወጣ ደንበኛ አስተያየት እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። በቅናሽ ወይም በክፍያ ማስጻፍ ግን ክልክል ነው። ለሚወቅሳችሁም በትሕትና መልሱ፤ መልሳችሁን ሌላውም ያነበዋል።

ለውጡ በአንድ ቀን አይመጣም። ሰዓቱና ፒኑ ግን ዛሬውኑ ይስተካከላሉ፤ ከነሱ ጀምሩ።

ሱቅ ላለው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።