በመርከብ የመጣ ክፉ ቀን

እኔ ልጅ ሳለሁ የመንዝ ሽማግሌዎች ስለ ክፉ ቀን ሲያወሩ እሰማ ነበር። በሬው አለቀ፣ ሰው ተሰደደ ይላሉ እንጂ መቅሠፍቱ በየት በር እንደ ገባ ሲናገሩ አልሰማሁም። እናንተ ወጣቶች ሆይ፣ በኋላ ከታሪክ ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከጓሳ ብርድ እጅግ ርቆ፣ በምጽዋ ወደብ ነው። ኢጣልያኖች በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ያዙ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ለጦራቸው ከሕንድ አገር ከብት በመርከብ አስመጡ። ከከብቱ ጋራ «ደስታ» የሚባለው በሽታ ወረደ። (ለእንዲህ ያለ ቀሳፊ ይህን ስም ማን እንዳወጣለት ይገርመኛል።) በወደቡ ላይ ያገደው አልነበረምና ትግሬንና ወሎን አቋርጦ ሸዋ ገባ፤ በዐሥር ዓመት ያህል ውስጥም እስከ አፍሪካ ደቡብ ጫፍ ደረሰ። በአገራችን ከ100 ከብት 90 ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። ዝናቡም ቀረ፤ አንበጣና ተምች ተጨመሩ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ጥማድ በሬ የሌለው ገበሬ መሬቱን በዶማ ይቈፍር ነበር፤ ዐፄ ምኒልክም ለሕዝቡ ምሳሌ ይሆኑ ዘንድ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፈሩ።

የደስታ በሽታ ከምድር መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታውጇል። መርከብ ግን ያልተጠራ እንግዳ መሸከሙን አልተወም። በጃፓን፣ በቻይና፣ በኮርያና በሩሲያ ምሥራቃዊ ወደቦች ደን የሚያራቁት አንድ የእሳት ራት አለ። በሞቃቱ ወራት ሌሊት፣ እንደ ስሙ ወደ ወደቡ መብራት ይመጣና በመርከቡ ጎን ላይ በመቶ የሚቈጠር እንቍላል ጥሎ በጠጕር ይሸፍነዋል። ስለዚህ አሜሪካና ካናዳ ከነዚያ ወደቦች የሚመጣ መርከብ ሁሉ ተመርምሮ፣ እንቍላሉ ተፍቆለት፣ ንጹሕ ነው የሚል ወረቀት እንዲይዝ ያስገድዳሉ፤ እንቍላል የተገኘበትን ወደ ባሕር ይመልሱታል። የአንድ ቀን መዘግየት ብዙ ገንዘብ ነውና ባለመርከቦቹ ቢያጕረመርሙ አይፈረድባቸውም። እኔ ግን የመንዝን በሬዎች ሳስብ ፍተሻው ርካሽ ሆኖ ይታየኛል።

ከገባ በኋላ ማን ያስወጣዋል? የአሜሪካ መጤ ተምች ውቅያኖስ ተሻግሮ በ2008 ዓ.ም. በምዕራብ አፍሪካ ታየ፤ እናቱ የእሳት ራት በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትበራለችና በዓመቱ፣ በ2009 ዓ.ም. እኛ ዘንድ ደረሰ። ገበሬዎቻችን ከነልጆቻቸው በበቆሎው መካከል እየዞሩ፣ ትሉን ከየቅጠሉ በእጃቸው ለቀሙ።