የተሻገረው ቤትና የፈረሰው ቤት

በሜልበርን ከተማ፣ ፊትዝሮይ በተባለው የአትክልት ስፍራ ውስጥ «የካፒቴን ኩክ ቤት» ተብሎ የሚጎበኝ የድንጋይ ጎጆ አለ። ከእንግሊዝ መንደር ከግሬት ኤይተን ድንጋዩ አንድ በአንድ ተነቅሎ፣ በ253 ሣጥንና በ40 በርሜል ታሽጎ በመርከብ ተጓጓዘና እ.ኤ.አ. በ1934 እንደገና ተገጣጠመ። በበሩ ጉበን ላይ የተቀረጸው ዓመት ግን 1755 ነው። እንግሊዛዊው መርከበኛና አሳሽ ጄምስ ኩክ መንደሩን ከለቀቀ ያኔ አሥር ዓመት ሆኖታል፤ ቤቱ የወላጆቹ ነበር። እሱ ከሚስቱ ከኤልሳቤጥ ጋር የኖረበት ቤት በምሥራቅ ለንደን፣ በማይል ኤንድ ጎዳና ላይ ነበር። ያ ቤት በ1950ዎቹ መጨረሻ ፈረሰ፤ በቦታው የቀረው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የመታሰቢያ ጽሑፍ ነው። አንድ ቤት እንዲተርፍ ብዙ ታሪክ መያዙ ብቻ አይበቃውም፤ ገንዘብ አውጥቶ የሚሟገትለት ይፈልጋል። የሜልበርኑ ቤት የቪክቶሪያ ግዛትን መቶኛ ዓመት ለማክበር የገዛው ባለሀብት አገኘ፤ የለንደኑ አላገኘም።

«ካፒቴኑ ዕድሜውን በባሕር ላይ ስለጨረሰ የለንደኑ ቤት ያን ያህል አያስቆጭም» የሚል ይኖራል። እኔ ግን የቤቱ ዋጋ እዚያው ላይ ነው እላለሁ። የጉዞውን ታሪክ ማስታወሻዎቹና ካርታዎቹ ይናገራሉ፤ ጉዞው ያስከፈለውን ዋጋ ያየው ይህ ቤት ነው። በ1768 ለመጀመሪያው ታላቅ ጉዞ ሲነሳ ኤልሳቤጥ ነፍሰ ጡር ነበረች። በ1771 ሲመለስ ያ ሕፃን ተወልዶ ሞቷል፤ የአራት ዓመት ሴት ልጁም እሱ ሊደርስ ሦስት ወር ሲቀረው አርፋለች። በየካቲት 1779 ሃዋይ ላይ ሲገደል፣ መርዶው ለንደን የደረሰው ከ11 ወር በኋላ ነው። ኤልሳቤጥ ኋላ ላይ ደብዳቤዎቹን አቃጠለቻቸው። ወረቀቱ ሲጠፋ የዚያ ትዳር ምስክር ሆኖ የቀረው ግድግዳው ነበር።

ከዚህ የሚከብድ ተቃውሞም አለ። በአውስትራሊያና በፓስፊክ ደሴቶች ያሉ ብዙ ነባር ሕዝቦች ኩክን የሚያስታውሱት ከመሬታቸው መነጠቅ ጋር ነው፤ ታዲያ ቤቱ ለምን ይጠበቅለት? ሐዘናቸው እውነት ነው። ነገር ግን ሐውልት ለማወደስ ይቆማል፤ የሰው መኖሪያ ግን ለሚመረምረው ሁሉ ማስረጃ ነው፤ ለከሳሹም ጭምር።

ኤልሳቤጥ ባሏ ከመጨረሻው ጉዞው ሲመለስ ለብሶት ቤተ መንግሥት እንዲገባ፣ ከታሂቲ በመጣ የዛፍ ልጥ ጨርቅ ላይ ሰደርያ ትጠልፍለት ነበር። ጥልፉ ሳያልቅ የቀረው ሰደርያ ዛሬ ሲድኒ በሚገኘው የኒው ሳውዝ ዌልስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። መርፌዋ የቆመበት ቦታ ይታያል፤ እሷ ተቀምጣ ስትጠብቀው የኖረችበት ቤት ግን የለም።